ነጻ የተባለ ተከሳሽ ሲጠፋ የዐቃቤ ሕግ ይግባኝ እንዴት ይታያል?

«ፍርድ ቤቱ ነጻ ብሎ አሰናበተው፣ አልሐምዱሊላህ ጉዳዩ አለቀ» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሁልጊዜ ግን አያልቅም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 185 ለዐቃቤ ሕግም ይግባኝ የማለት መብት ይሰጣል። ይግባኝ ባይ ሐሳቡን በ15 ቀን ውስጥ ያስታውቃል፤ የፍርዱ ግልባጭ ሲደርሰው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያስገባል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 በአንድ ወንጀል ድጋሚ መከሰስን ቢከለክልም ክልከላው የመጨረሻ ፍርድ ላገኘ ነው።

እንግዲህ ነጻ የወጣው ወንድም ሥራ ፍለጋ ወደ ሳዑዲ ቢሄድስ? መጥሪያው ያጣዋል፤ መዝገቡ ላይ «አልተገኘም» ይጻፋል። በእኛ እይታ ሳያውቅ የሄደና አውቆ የሸሸ አንድ አይደሉም። የሸሸውም ቢሆን መሸሹ ብቻውን የወንጀሉ ማስረጃ አይሆንም፤ ነጻ ያለው ፍርድ ገና አልተሻረም።

ነገሩ የሚከብደው ይግባኝ ሰሚው ችሎት በቁጥር 195 መሠረት ነጻ የተባለውን ጥፋተኛ ብሎ ቅጣት መወሰን ስለሚችል ነው። ሕጉ ራሱ በሌለበት መዳኘትን በጠባቡ ነው የፈቀደው። በመጀመሪያው ችሎት እንኳ በዋናነት ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ መጥሪያውም በጋዜጣ ይወጣል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በ30 ቀን ውስጥ መጥሪያ እንዳልደረሰው ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳገደው አስረድቶ ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከት ይችላል።

ፉቀሃዎቻችንም በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዐሊይን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩ የሌላኛውን ወገን ቃል ሳይሰማ እንዳይፈርድ አዘውታል። ሐነፊዮች በዚህ ተመርኩዘው ወኪል በሌለበት በጋኢብ ላይ አይፈረድም ይላሉ። ሻፊዒዮች የሂንድን ሐዲስ ይዘው በሰዎች ሐቅ ላይ ፈቅደዋል፤ (ያ ፈትዋ እንጂ ፍርድ አልነበረም ያሉም ዑለማዎች አሉ፤ አቡ ሱፍያን በወቅቱ መካ ውስጥ ነበርና።) ሆኖም ከሳሹ ማስረጃውን ካቀረበ በኋላም ሐቁ እንዳልተከፈለው ይምላል፤ የሌለው ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ሊከራከር አይችልምና። የአላህ ሐቅ በሆነ ሐድ ላይ ግን በመዝሀቡ ሚዛን የሚደፋው አቋም በሌለበት አይፈረድበትም የሚል ነው። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር ጥንቃቄው ይጨምራል ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚ ዳኛም ነጻ የተባለን ሰው በሌለበት ከመቅጣቱ በፊት መጥሪያው በእርግጥ ደርሶት እንደሆነ አጥብቆ ቢጠይቅ እንወዳለን።

ቤተሰብ ደግሞ 15ቱ ቀን እንዳለፈ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ ሄዶ የይግባኝ ማስታወቂያ ገብቶ እንደሆነ ይጠይቅ። ገብቶ ከሆነ ጠበቃውን ሳያሰናብት፣ አድራሻ ሳያስመዘግብ ልጁን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አይሸኝ።