ከተራራ ላይ ያለው በረዶ ለምን ያልቃል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ በረዶ ነው። በረዶ ሲባል ሁላችንም የምናስበው በክረምት ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ነው። ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤ ሰብሉን ይመታል፤ ግቢውን ነጭ ያለብሰዋል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ወዲያው ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ታዲያ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳያልቅ የሚኖር በረዶ አለ ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? አዎን፣ አለ። የበረዶ ግግር ይባላል።

የበረዶ ግግር እንዴት ይፈጠራል? በጣም ቀዝቃዛ በሆነ አገር በረዶው እንደ ባዘቶ እየሳሳ ይወርዳል። በዓመቱ ቀልጦ አያልቅም። የዘንድሮው በአምናው ላይ፣ የከርሞው ደግሞ በዘንድሮው ላይ ይከመራል። የላዩ የታቹን ይጫነዋል። ብዙ ዘመን ሲቆይ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ሲከብድም ቀስ እያለ ቁልቁል ይንሸራተታል።

በአገራችንም በጥንት ዘመን፣ ዓለም እጅግ በቀዘቀዘችበት ጊዜ፣ በባሌና በሰሜን ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ ግግር ነበር። ያ በተፈጥሮ ለውጥ ጠፋ። አሁን በዓለም ላይ እየጠፋ ባለው ግን የሰው እጅ አለበት።

እስቲ ቅርባችን ያለውን እንይ። ከኬንያ ቀጥላ በምትገኘው በታንዛኒያ ኪሊማንጃሮ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 5895 ሜትር ነው። ከአፍሪካ ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ከምድር ወገብ አጠገብ ቢሆንም አናቱ ላይ የበረዶ ግግር አለ። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ። በ1912 የጀርመን አጥኚዎች ተራራውን ለክተው ካርታ ሠሩ። ያን ጊዜ በረዶው የሸፈነው ቦታ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በ2011 ሲለካ ግን 2 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ከስድስት እጅ አምስቱ ሄዷል ማለት ነው። በ2022 ዩኔስኮ እንዳስታወቀው፣ የቀረውም እስከ 2050 ድረስ ሳይጠፋ አይቀርም።

ይህ ለምን ሆነ? የበረዶ ግግር እንደ ጎተራ ነው። አዲስ የሚወርደው በረዶ ገቢ ነው። የሚቀልጠውና የሚተነው ወጪ ነው። ገቢና ወጪው እኩል ሲሆን ግግሩ እንዳለ ይኖራል። ወጪው ሲበልጥ ግን ጎተራው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን አንድ ቀን ይሟጠጣል።

በኪሊማንጃሮ ላይ አየሩ ደረቀ፤ የሚወርደው በረዶ አነሰ። ገቢው ቀነሰ ማለት ነው። አዲስ በረዶ ነጭ ስለሆነ የፀሐይን ጨረር ይመልሳል። አሮጌውና አቧራ የለበሰው ግን ጨረሩን ይውጠዋል። ጥቁር ልብስ ለብሳችሁ ፀሐይ ላይ ብትቆሙ ከነጩ ይበልጥ ያቃጥላችሁ የለምን? ልክ እንደዚያ ነው።

በዓለም ሙሉ ደግሞ ሙቀት ጨምሯል። ፋብሪካዎች፣ መኪናዎችና የመብራት ኃይል ጣቢያዎች የድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ያቃጥላሉ። ከዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ በራሱ እሳት የለውም፤ የሰውነታችን ሙቀት እንዳይወጣ ግን ይይዘዋል። ጋዙም የምድርን ሙቀት እንዲሁ ይይዛል። ፋብሪካ ሳይበዛ በፊት ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ይህ ጋዝ ነበር። ዛሬ ከ420 በልጧል። ጋቢው ወፈረ ማለት ነው። አብዛኛውን ጋዝ የለቀቁት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው። ጉዳቱ ግን ለሁሉም ይደርሳል።

በረዶው ቢያልቅ ማን ይጎዳል? በኪሊማንጃሮ ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ውሃ የሚያገኙት በአብዛኛው ከተራራው ደን ከሚወርደው ዝናብ ነው። ስለዚህ ለእነርሱ ደኑን መጠበቅ ዋናው ነገር ነው። በእስያ በሂማላያ፣ በደቡብ አሜሪካም በአንዲስ ተራሮች ሥር ያሉ ሕዝቦች ግን በበጋ የበረዶውን ውሃ ይጠጣሉ፤ እርሻቸውንም ያጠጡበታል። ግግሩ ሲያልቅ የበጋው ውሃ ይቀንሳል።

ከተራራ በረዶ እጅግ የሚበልጥ ደግሞ አለ። በሰሜን ግሪንላንድ የምትባል ደሴት አለች። የተሸፈነችበት በረዶ ስፋቱ ኢትዮጵያን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። በደቡብ ዋልታ ያለው የአንታርክቲካ በረዶ ደግሞ ከአገራችን 12 ጊዜ ያህል ይሰፋል። እነዚህ ሲቀልጡ ውሃው ወደ ባሕር ይገባል። በብርጭቆ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ቢቀልጥ ውሃው ከፍ አይልም። ከውጭ አምጥታችሁ ብትጨምሩበት ግን ከፍ ይላል። የየብስ በረዶ ከውጭ እንደሚጨመረው ነው። የባሕር ውሃ ራሱም ሲሞቅ ያብጣል። በእነዚህ ምክንያቶች ከ1901 እስከ 2018 ባሕር 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከፍ ብሏል። አንድ ስንዝር ምን አላት አትበሉ። ዓባያችን ከሜዲትራኒያን ባሕር በሚገናኝበት በግብፅ ዝቅተኛ መሬት ጨዋማ ውሃ ወደ እርሻ ይገባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በምን ታወቀ? በመለካትና በመጻፍ ነው። አጥኚዎች በረዶውን እየበሱ ረጅም ችካል ይተክላሉ። በዓመቱ ተመልሰው ያያሉ። ችካሉ አንድ ሜትር ተጨማሪ ከወጣ፣ በረዶው አንድ ሜትር ወርዷል። ለግሪንላንድና ለአንታርክቲካ ግን ችካል ብቻ አይበቃም። ስለዚህ አሜሪካና ጀርመን በ2002 ሁለት ሳተላይቶች አመጠቁ። እስከ 2017 ሠሩ፤ በ2018 ሌሎች ሁለት ተተኩ። ሁለቱ ተከታትለው በምድር ዙሪያ ይዞራሉ። ከበድ ያለ ነገር በሚገኝበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ክብደቱ ቀዳሚውን አስቀድሞ ይስበዋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለወጣል። ከዚያ በታች ያለው በረዶ ምን ያህል እንደቀነሰ ይሰላል። በዚህ ሚዛን ግሪንላንድ ከ2002 ወዲህ በአማካይ በዓመት 270 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደምታጣ ታወቀ። አንድ ቶን 10 ኩንታል መሆኑን አትርሱ።

ወገኖቻችን፣ በ1912 የተጻፈው ካርታ ባይኖር ኖሮ ኪሊማንጃሮ ስንት በረዶ እንዳጣ ማን ያውቅ ነበር? ሽማግሌዎች «ድሮ በረዶው ብዙ ነበር» ይሉ ይሆናል። ምን ያህል? ቢባሉ ግን መልስ የለም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

እናንተም አሁን ፊደልና ቁጥር ይዛችኋል። በመንደራችሁ ካለው ወንዝ ዳር መስመር የተሰመረበት ችካል ትከሉ። በየወሩ መባቻ የውሃውን ከፍታ አንብቡና ከነቀኑ በደብተር ጻፉ። ከአሥር ዓመት በኋላ ልጆቻችሁ «ውሃችን ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም?» ብለው ቢከራከሩ፣ ደብተራችሁ ይዳኛቸዋል።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦
1. የበረዶ ግግር ከጎተራ ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. በብርጭቆ ላይ የሚንሳፈፍ በረዶና የየብስ በረዶ ሲቀልጡ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. በመንደራችሁ ተለክቶ ሊጻፍ የሚገባው ነገር ምንድን ነው?

ለዛሬው በዚህ እናብቃ። ደኅና ሰንብቱ።