በልጄ ቦርሳ ውስጥ ያገኘሁት ሰንጢ

ለማሽከርከር? ለመያዝ? ወይስ ለመሰብሰብ? ስለት ለሚወድ ልጅ ከመግዛትዎም ከመንጠቅዎም በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች

ረቡዕ ማታ ነው። የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ላጥብ ብዬ ደብተሮቹን ሳወጣ ከታችኛው ኪስ አንድ ከበድ ያለ ነገር እጄ ላይ ወደቀ። ሁለት የብረት እጀታ፣ በመካከላቸው የተሸሸገ ስለት። አንደኛውን እጀታ ይዤ ሌላውን ስለቀው በራሱ ተገልብጦ ተከፈተ። ደንግጬ ወለሉ ላይ ጣልኩት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሰንጢ ይዞ ትምህርት ቤት!

ከማን ጋር ተጣላ? ማን አስፈራራው? ይህን እያሰብኩ ጠራሁት። ልጄ ቢላውን ወለሉ ላይ ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ ለጠብ አይደለም፤ ጓደኛዬ ነው ያዋሰኝ። እንደ እስክሪብቶ ነው የሚሽከረከረው» አለና ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። አንድ ወጣት ቢላውን በጣቶቹ መሐል እያገላበጠ፣ እየወረወረና እየቀለበ ይጫወታል። እውነት ለመናገር ያምራል። ከዚያ ዓይኔ የልጄ ሌባ ጣት ላይ አረፈ። ሰኞ ዕለት «ወረቀት ቆረጠኝ» ብሎ ፕላስተር የለጠፈበት ጣት ነው።

ቢላውን ወሰድኩበት። በማግስቱ ከባለቤቴ ጋር የጓደኛውን ወላጆች ቤታቸው ሄደን አነጋገርናቸውና በእጃቸው አስረከብናቸው። እነሱም እንደኛ አያውቁም ነበር፤ ዕቃው ከውጭ አገር በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የገባ ስጦታ ነው። ሆኖም ነገሩ በዚህ እንደማያበቃ ገባኝ። ቢላውን ከእጁ መውሰድ ይቻላል፤ ፍላጎቱን መውሰድ ግን አይቻልም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ «ስለቱን የፈለግኸው ለምንድን ነው? ልታሽከረክረው፣ ይዘኸው ልትዞር ወይስ ልትሰበስብ?» ከዚያ በኋላ ያወቅኩት ሁሉ የመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው፤ አንድ ቢላ ለሦስቱም አይሆንም።

ቢራቢሮው ከየት መጣ?

«ቢራቢሮ ቢላ» የሚባለው እጀታዎቹ እንደ ክንፍ ስለሚዘረጉ ነው። በዓለም የታወቀበት ሌላ ስሙ ባሊሶንግ ሲሆን አገሩ ፊሊፒንስ ነው። በባታንጋስ ግዛት፣ ታአል በምትባለው ከተማ ሥር ባሊሶንግ የተሰኘ መንደር አለ፤ በዚህ ቢላ ሥራ የታወቀ ነው። የሚገርመው ታአል እንደ ጣናችን ሁሉ በመካከሉ ደሴት ያለው ሐይቅም ስም ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከስለቱ ሥር ሁለት ብሎኖች አሉ፤ እያንዳንዱ እጀታ በአንዱ ላይ ይዞራል። ሲዘጋ ሁለቱ እጀታዎች ስለቱን እንደ ሰገባ ይሸፍኑታል፤ ሲከፈት ወደ ኋላ ታጥፈው አንድ መያዣ ይሆናሉ። ወላጅ ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው። ስለቱ ብዙውን ጊዜ የሚሳለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ አንደኛው እጀታ ሲዘጋ የሚያርፈው በስለቱ ደንደስ ላይ ሲሆን ሌላው የሚያርፈው በአፉ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ይዞ የሚያሽከረክር ሰው ጣቱን የሚመታው ደንደሱ ነው። ሁለተኛውን ይዞ ከሆነ ግን የተሳለው አፍ በቀጥታ ጣቱ ላይ ይመጣል። አዋቂዎቹ ይህን «የሚነክሰው እጀታ» ይሉታል። የልጄን ጣት የቆረጠው ይኸው ነው፤ የትኛውን እጀታ እንደያዘ አላወቀም ነበር።

ለማሽከርከር ከሆነ፦ ስለት አልባውን

የማሽከርከር ጨዋታ ስለት አያስፈልገውም። ጥበቡ ያለው በእጅ አንጓ፣ በጊዜ አጠባበቅና በትዕግሥት ነው። ለዚህም ተብሎ የሚሠራ መለማመጃ አለ፤ ቅርጹም ክብደቱም እንደ ዋናው ሆኖ ስለቱ ያልተሳለ፣ ጫፉም የደነዘዘ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስለቱ ላይ ቀዳዳዎች ስላሉት ከሩቅም ይለያል።

ሲመርጡ ክብደቱን ይመልከቱ። ከ100 እስከ 150 ግራም ያለው ለጀማሪ እጅ ይስማማል። በጣም የቀለለ ፕላስቲክ ለመዞር ጉልበት ያጥረዋል፤ በጣም የከበደ ደግሞ የጣት አንጓን ያሳምማል። ቀጥሎ እጀታዎቹን በጣትዎ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉ። ትንሽ መላወስ ያለ ነው፤ ከስለቱ ጋር እስኪጋጭ ከተወዛወዘ ግን ብሎኑ ቶሎ ይወልቃል። ብሎኑ በመፍቻ የሚፈታና የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ በመዶሻ ተመትቶ የተደፈነ ከሆነ አንዴ ከላላ አይጠገንም። የእጀታው ጠርዝ ሹል ከሆነም መዳፍ ይልጣል።

የተሳለውን ቢላ አፍ በፕላስተር ጠቅልሎ መለማመድ እንደ መፍትሔ የሚታይበት ጊዜ አለ። አይሆንም፤ ስለቱ ፕላስተሩን ከውስጥ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ልጁ የሚያውቀው ደሙን ሲያይ ነው።

መለማመጃውም ቢሆን ብረት ነው፤ ጥርስና ዓይን ይጎዳል። በእኛ ቤት አራት ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ ከታናሽ እህቱ ራቅ ብሎ፣ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ። ሁለተኛ፣ ከፊቱ አንድ ክንድ አርቆ። ሦስተኛ፣ የሚነክሰው እጀታ ላይ የእህቱን የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጎ፤ ስለት ባይኖረውም እጁ ገና ከጅምሩ ትክክለኛውን መያዝ ይልመድ። አራተኛውና ትልቁ፣ የሚወድቅን ቢላ አይቀልቡም። ይውደቅ! ይህ ደንብ ለወጥ ቤትም ይሠራል፤ ሽንኩርት ሲከትፉ ያመለጠ ቢላ ለመያዝ ሲሉ መዳፋቸውን የተቆረጡ እናቶች ይመሰክራሉ።

ለመያዝ ከሆነ፦ ሥራውን አስቀድሙ

ባሕር ዳር ላይ ስለት እንግዳ አይደለም። ቁርጥ ቤት ስንገባ ለእያንዳንዳችን ቢላ ይቀርብልናል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጸዱ ሰዎች ቆሮሶና አምባዛ ሲገፍፉ እጃቸው ከዓይን ይፈጥናል። ከዘጌ የሚመጣ ሎሚ፣ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ማንጎ፣ የታሠረ ማዳበሪያ… ሁሉም ስለት ይፈልጋል። ጥያቄው የትኛውን የሚለው ነው።

ቢራቢሮ ቢላ ለእነዚህ ሥራዎች ደካማ ነው። ዓሣ ቢቆርጡበት ደሙ፣ ልጋጉና ቅርፊቱ በእጀታዎቹ ክፍተትና በብሎኖቹ ሥር ይገባል፤ ታጥቦ አይጠራም፣ ይሸታል፣ ይዝጋል። ለዓሣ የሚሆነው ቀጠን ብሎ የሚተጣጠፍ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቢላ ነው፤ እሱም ቦታው ወጥ ቤት ወይም የሽርሽር ቅርጫት ውስጥ፣ በሰገባው ነው። ለፍራፍሬና ለገመድ ደግሞ ሲከፈት የሚቆለፍ፣ ስለቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተራ ተጣጣፊ ቢላ ይበቃል። የማይቆለፍ ከሆነ ሲጫኑት ጣት ላይ ይዘጋል።

ደንዝዟል ብለው ለልጅ የሚሰጡት ቢላ ከተሳለው የባሰ አደገኛ መሆኑንም አይርሱ። የደነዘዘ ቢላ ጉልበት ይጠይቃል፤ በጉልበት የተገፋ ቢላ ደግሞ ይንሸራተታል። ልጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ቆሮሶ ያጸዳል። መጀመሪያ የተማረው የጀርባውን እሾህ ማወቅ ነው፤ ቀጥሎ ሞረድ አያያዝ።

ስለት የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ነው፤ «ለጨዋታ ነው» የሚል መልስ እዚያ አይሠራም። በጥምቀትና በመስቀል አደባባይ፣ በስታዲየም በር፣ በመናኸሪያም ፍተሻ አለ። በተለይ ፍተሻ በበዛበት በዚህ ጊዜ የአንድ ወጣት ኪስ ውስጥ የተገኘ ቢራቢሮ ቢላ የልጁን ጠባይ ለማያውቅ ፖሊስ መሣሪያ ነው። በአውሮፕላንም ቢላ በእጅ ሻንጣ አይገባም።

ወደ ውጭ የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ቢራቢሮ ቢላን እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ መሸጥና ማስገባት ከልክላለች። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2003 በሥራ ላይ ባዋለችው የጦር መሣሪያ ሕግ አግዳዋለች። ካናዳም ትከለክላለች። ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ላለ የአጎት ልጅ «ለመታሰቢያ» ብሎ መላክ ዘመድን ችግር ውስጥ መክተት ነው።

ለመሰብሰብ ከሆነ፦ ከቤታችን እንጀምር

ልጄን በጣም የገረመው ይህ ክፍል ነው። በስልክ የሚያየውን የፊሊፒንስ ቢላ ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለ ሾተል ግን ማጭድ ከመምሰሉ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። የእኛ ሾተል በጣም የተቆለመመ የሆነው የባላጋራን ጋሻ አልፎ ከኋላ እንዲደርስ ነው። የአፋሩ ጊሌ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ነው። ጎራዴዎቻችንም ታሪክ አላቸው፤ በምኒልክ ዘመንና ከዚያ በኋላ ከነበሩት ብዙዎቹ ብረታቸው የተሠራው የጀርመን የስለት ከተማ በሆነችው በዞሊንገን ነው። አንበሳና የግዕዝ ፊደል ተቀርጾባቸው ይመጡና እጀታና ሰገባ እዚህ ይሠራላቸው ነበር። ስለዚህ አሮጌ ጎራዴ ሲያገኙ መጀመሪያ ከእጀታው በታች ያለውን ማኅተም ያንብቡ።

ሰብሳቢ ሕግንም ማወቅ አለበት። ጥንታዊ ዕቃ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይጠበቃል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የአንዳንዱ አሮጌ ጎራዴ እጀታ ደግሞ የአውራሪስ ቀንድ ነው፤ የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታገደ ስለሆነ ድንበር ላይ ያስወርሳል። ከአያት የወረሱትን ግን ማን እንደያዘው፣ ከየት እንደመጣ ጽፈው አብረው ያኑሩ። ታሪኩ የጠፋ ጎራዴ ተራ ብረት ይሆናል።

አያያዙም ሙያ ነው። እንደኛ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው፣ በተለይ በክረምት፣ ቆዳ ሰገባ እርጥበት ይይዛል፤ ስለቱን ከውስጥ ያዝገዋል። ስለዚህ ስለቱንና ሰገባውን ለየብቻ ያስቀምጡ። ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀቡት። በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ማብለጭለጭ ዕድሜውን መፋቅ ነው።

አዲስ ለሚፈልግ ደግሞ ብረት ቀጥቃጮቻችን አሉ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላ ስለቱን ይዞ ይቆያል፤ ከተጠቀሙበት በኋላ ማድረቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቀጥቃጭን መናቅ የቆየ ነውራችን ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ልጅዎን ይዘው አንድ ቀን ወናፍ አጠገብ ቢቆሙ ብረት ሲቀላና ሲመታ ማየቱ ከስልክ ቪዲዮ የበለጠ ይገባዋል። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋትን ጎብኙ። ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን የሚደርሰውን ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ቦታ ነው።

እኛስ ምን ወሰንን?

በእኛ ቤት መለማመጃው ተፈቅዷል፤ ከግቢ አይወጣም። ተጣጣፊው ቢላ ለሽርሽርና ለዓሣ ቀን ብቻ ከአባቱ ይወሰዳል፣ ማታ ይመለሳል። የተሳለ ቢራቢሮ ቢላ ግን አልተፈቀደም። «መቼ?» ብሎ ጠይቆኛል። «አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላህና ራስህ ስትገዛው እንነጋገራለን» አልኩት። አኩርፏል፤ ይኩረፍ።

እርስዎም ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦

• ለምን ሥራ ነው? ለጨዋታ ከሆነ ስለት አያስፈልገውም።
• የት ይቀመጣል? ትንንሽ ልጆች ካሉ የሚቆለፍ መሳቢያ አለ?
• ማን ያያል? ብቻውን ክፍሉ ውስጥ የሚለማመድ ልጅ የቆረጠውንም ይደብቃል።
• ቢቆረጥ ምን ያደርጋል? በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና እጁን ከፍ ማድረግ ያውቃል? ደሙ በአሥር ደቂቃ ካልቆመ ወይም ጣቱ ከደነዘዘ ወደ ሕክምና።
• ለእርስዎ ለመናገር ይፈራል?

እኔን የቆጨኝ የመጨረሻው ነው። ልጄ ስለቱን የደበቀኝ እንደምቆጣ ስላወቀ ነው፤ ጣቱንም የደበቀኝ ለዚሁ ነው። ቁስሉ ጠለቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማንም አያይለትም ነበር።

ባለፈው እሑድ አባቴ ከዘጌ መጥቶ ነበር። ሎሚ የሚቆርጥባትን፣ እጀታዋ በገመድ የተጠቀለለች ትንሽ ካራ ከኪሱ አወጣ። ልጄ «አባባ፣ ልያት?» አለው። አባቴ በእጁ አልሰጠውም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት፣ እጀታዋን ወደ ልጁ አዙሮ። «ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉትም፤ አስቀምጠህ ነው። እጀታው ወደ ሰው፣ አፉ ወደ ራስህ» አለው። ልጄ ሎሚውን ቆረጠ፤ ካራዋን ጠርጎ አስቀመጠ፤ እጀታዋ ወደ አያቱ ነበር።