የወህኒ ቤት ቅጥር በሽታን አያግድም

ብዙ ሰዎች የወህኒ ቤት ቅጥር ጥፋተኛውን ከሕዝብ እንደሚለየው ሁሉ፥ በእስረኞች መካከል ያለውንም በሽታ በዚያው አግዶ የሚያስቀር ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከጥቂቶች በቀር እስረኛ ሁሉ ፍርዱን ጨርሶ ወደ ትዳሩና ወደ ሰፈሩ የሚመለስ ነው። ስለዚህ የእስረኞች ጤንነት የመላው ሕዝብ ጤንነት አንድ ክፍል መሆኑን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን።

የኤድስን በሽታ የሚያመጣው ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ ሲሆን፥ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል ቀስ በቀስ እያደከመ ሰውን ለሌሎች በሽታዎች ያጋልጣል። የሚተላለፈውም በደም፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፥ እንዲሁም በእርግዝና፥ በወሊድና በጡት ወተት ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ ክፍል አብሮ በማደር፥ ከአንድ ገበታ በመብላት፥ በመጨባበጥ፥ በሳል ወይም በትንኝ ንክሻ አይተላለፍም።

እንግዲህ አብሮ መታሰር ብቻውን የማያስተላልፈው ከሆነ፥ በብዙ አገሮች ከውጭ ይልቅ በወህኒ ቤት በዝቶ የሚገኘው ስለ ምን ነው? አንደኛ፥ ከመታሰራቸው በፊት ቫይረሱ የያዛቸው ሰዎች ሳይመረመሩ ይገባሉ። ሁለተኛ፥ አደንዛዥ ዕፅ በደም ሥራቸው የሚወጉ እስረኞች ንጹሕ መርፌ ስለማያገኙ አንዱን መርፌ እየተቀባበሉ ይወጉበታል፤ ሰውነታቸውን የሚነቀሱትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሦስተኛ፥ በውድም ሆነ በግድ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ይፈጸማል፤ ኮንዶም ግን በብዙ ወህኒ ቤቶች አይገኝም። አራተኛ፥ ሕክምና የጀመረው ሰው በሚታሰርበት ወይም በሚፈታበት ጊዜ መድኃኒቱ ይቋረጥበታል። በዚህም ላይ መጨናነቅና የአየር እጦት የሳንባ ነቀርሳን ያዛምታሉ፤ ይህም በሽታ ቫይረሱ ባለባቸው ሰዎች ላይ እጅግ ይበረታል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በግሌኖኪል ወህኒ ቤት የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ከነበሩት 378 እስረኞች 162ቱ በፈቃዳቸው ደማቸውን ሲመረመሩ በ12ቱ ላይ ቫይረሱ ተገኘ። እነዚህም ሁሉ በዚያው ወህኒ ቤት ውስጥ ዕፅ በመርፌ የወሰዱ ነበሩ። ይልቁንም ልብ ሊባል የሚገባው፥ ከእስረኞቹ አንዳንዶቹ በመርፌ መውጋትን የጀመሩት በዚያው ወህኒ ቤት መሆኑ ነው። እንግዲህ በሽታው ከውጭ ብቻ የሚገባ ሳይሆን በቅጥሩ ውስጥም የሚዛመት መሆኑ ተረጋገጠ።

መከላከያው ግን የታወቀ ነው። ይኸውም እስረኛው ሳይገደድ በፈቃዱ እንዲመረመር፥ ውጤቱም በምስጢር እንዲጠበቅለት፥ ንጹሕ ምላጭና ኮንዶም እንዲያገኝ፥ ተገዶ የተደፈረውም ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ መከላከያ መድኃኒት እንዲጀመርለት ማድረግ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ ቫይረሱም በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ካነሰ በግብረ ሥጋ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ባጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም በተጠራው ደንብ፥ እስረኛ በውጭ ያለው ሕዝብ ከሚያገኘው ጋር የሚተካከል ሕክምና እንዲያገኝና ሲፈታም ሕክምናው እንዳይቋረጥ ወስኗል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፥ ሰው በሽታውን የሚደብቀው መገለልን ሲፈራ ነው። ስለዚህ መምህራን ቫይረሱ የሚተላለፍበትንና የማይተላለፍበትን መንገድ ለተማሪዎቻቸው ለይተው እንዲያስረዱ፥ አባቱ የታሰረበትንም ልጅ ጓደኞቹ እንዳይሸሹት እንዲጠብቁ አደራ እንላለን። የከተማው ሕዝብም ከእስር የተፈታውን ሰው ከነቀፋ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ ያሳየው። ዳኛ በፍርዱ የሚወስደው የሰውን ነጻነት እንጂ ጤንነቱን አይደለምና።