ባሕሩን ደብቆ የሚሄድ መንገድ

«ባሕሩስ የታለ?» አለችኝ እናቴ። ከአምስተርዳም ከወጣን ሰዓት ሊሞላን ነው። በግራችን የቱሊፕ ማሳው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ እየሆነ ያልፋል፤ በቀኛችን ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ አለ። ከኢትዮጵያ ስትመጣ ቃል የገባሁላት በባሕር ዳርቻ ሦስት ቀን ላንሸራሽራት ነበር። ባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ግን አይታይም።

የሆላንድን የባሕር ዳርቻ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ይወቅ። ሌላ አገር የባሕር ዳር መንገድ ሲባል ውሃው ከመስኮቱ ሥር ነው። እዚህ የአሸዋው ኮረብታ የአገሩ ግድግዳ ነው፤ ከጀርባው ካለው መሬት ብዙው ከባሕር ጠለል በታች ይገኛል። እናቴ ያረፈችበት የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1852 በእንፋሎት ፓምፕ ተመጥጦ በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ የተሠራ ነው፤ ከባሕር ጠለል ወደ አራት ሜትር ዝቅ ይላል። እኛም ዳሎል አለን። የእኛን ፀሐይ አደረቀችው፤ የእነሱን ሰው። መንገዱ እንግዲህ ግድግዳውን ተጠግቶ ከጀርባው ይሄዳል፤ የተጓዡ ሥራ የት ላይ ወጥቶ ባሕሩን እንደሚያይ መምረጥ ነው።

በአውራ ጎዳናው ከሄዱ ከአምስተርዳም ሮተርዳም አንድ ሰዓት ነው። እኛ ግን ዘ ሄግንና ሮተርዳምን የማደሪያ ከተሞች አድርገን፣ በሦስተኛው ቀን እስከ ዜላንድ ክፍለ ሀገር ልንወርድ ወሰንን። ጊዜውን የመረጥኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ለእናቴ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቱሊፑም በአብዛኛው ገና አልተቆረጠም፤ ማታ 3 ሰዓት ድረስም ብርሃን አለ። ሚያዝያ 27 በፈረንጆቹ የንጉሡ ልደት የሚከበርበት ቀን ስለሆነ በዚያን ዕለት አምስተርዳም በመኪና አትግቡ። ጃኬት ደግሞ በሐምሌም ቢሆን ያዙ፤ የሰሜን ባሕር ንፋስ ወቅት አይመርጥም።

የመጀመሪያውን መውጫ ካትዋይክ ላይ አደረግነው፤ በምርጫዬ ዛሬም ደስ ይለኛል። በዚያች የዓሣ አጥማጆች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጠናቀቀ የጎርፍ መከላከያ ግድብ በአሸዋው ኮረብታ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከግድቡ ጎን ደግሞ ከ600 በላይ መኪና የሚይዝ ማቆሚያ አለ። ከላይ ሲያዩት ሣርና አሸዋ ብቻ ነው። መኪናውን ከመሬት በታች አቁመን በደረጃው ወጣን፤ አሸዋውን ተሻገርንና ባሕሩ ፊት ለፊታችን ቆመ።

እናቴ ባሕር ዳር ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ብዙ ውሃ ብርቋ አይደለም። ጫማዋን አውልቃ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤ ጣቷን ነከረችና ቀመሰች። «እውነትም ጨው ነው!» አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ማዶ የለውም እኮ» አለችኝ።

መኪና የሌለው ሰውም አይቀርበትም። ከአምስተርዳም ዋናው ጣቢያ ዛንድቮርት በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ የሮተርዳም ሜትሮም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ሁክ ፋን ሆላንድ አሸዋው ጫፍ ድረስ ይወስዳል።

ዘ ሄግ ላይ ወደ ባሕሩ የሚወስደው መንገድ የሚነሣው ከሰላም ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው። ኢትዮጵያዊ ይህን ሕንጻ ዝም ብሎ አያልፈውም። ከአልጀርስ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን የሰጠው በዚህች ከተማ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ሆኖ ያገለገለው የቋሚ የግልግል ፍርድ ቤትም መቀመጫው እዚህ ሕንጻ ውስጥ ነው። እናቴ የአጥሩን ብረት ይዛ ትንሽ ቆመች። ከድንበሩ ጦርነት የጎረቤቶቿ ልጆች አልተመለሱም።

መንገዱ ራሱ ታሪክ አለው። ገጣሚውና ዲፕሎማቱ ኮንስታንታይን ኸይኸንስ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1665 ተከፈተ፤ አሸዋውን ቀጥ ብሎ ሰንጥቆ ከተማዋን ከስኸቨኒንገን የዓሣ አጥማጆች መንደር አገናኘ። ዛሬም ዛፍ በግራ ቀኝ አጅቦት በደቂቃዎች ባሕሩ ዘንድ ያደርሳል። ከመውረዳችሁ በፊት ግን የመስዳግን ፓኖራማ እዩ። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1881 ስኸቨኒንገንን 14 ሜትር ከፍታና 120 ሜትር ዙሪያ ባለው ሸራ ላይ ሣላት፤ ተመልካቹ መሐል ቆሞ ዙሪያውን ጀልባውንና አሸዋውን ያያል። ከዚያ እውነተኛው ቦታ ላይ ስትቆሙ ምን እንደተለወጠ ዓይናችሁ ራሱ ይለቅማል። ወደቡ ላይ ሄሪንግ ይሸጣል፤ ጨው ብቻ የነካው፣ እሳት ያላየው፣ ሽንኩርት የተነሰነሰበት ዓሣ ነው። ቁርጥ የሚበላ ሰው አይፍራው። እናቴ ሁለት በላች።

ሮተርዳም የገባነው ሲመሽ ነው። ይህች ከተማ ለእኛ በላይነህ ዴንሳሞ ናት፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ ያስመዘገበውን የዓለም ክብረ ወሰን አሥር ዓመት ማንም አልነካበትም። በማግስቱ ጠዋት ወደ ከተማዋ ወንዝ አፍ ሄድን። ማስላንትኬሪንግ የሚሉት መከላከያ እያንዳንዳቸው 210 ሜትር የሚረዝሙ ሁለት በሮች አሉት፤ ማዕበል ሲመጣ ከግራና ከቀኝ ተንሳፍፈው የመርከቦቹን መተላለፊያ ይዘጋሉ። በማስዴልታ ዋሻ ወደ ደቡብ የምትሻገሩ ከሆነ አስተውሉ፤ ገንዘብ ተቀባይ የለም፤ ካሜራ ታርጋችሁን ያነባል፤ በሦስት ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ትከፍላላችሁ።

ከዚህ ወዲያ የጉዞው ጠባይ ይለወጣል። ጥር 31 ቀን 1953 በፈረንጆቹ ሌሊት ባሕሩ ግድቦቹን ጥሶ በኔዘርላንድስ 1,836 ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ የዜላንድና የአካባቢዋ ደሴቶች ነዋሪዎች ነበሩ። አገሩ ያንን ሐዘን ግንባታ አደረገው። በግንባታዎቹ ላይ የሚያልፈው ኤን 57 የተባለው መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የኻሪንግፍሊት ግድብ፣ ቀጥሎ የብራወርስ ግድብ፣ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1986 የተመረቀው የኦስተርስኸልዴ መከላከያ። የመጨረሻውን ድፍን ግድብ ሊያደርጉት ነበር፤ ዓሣ አጥማጆችና ለተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች የጨው ውሃው ሕይወት ይሞታል ብለው ተከራከሩ። እናም 62 የብረት በሮች ተሠሩለት፤ በሰላሙ ቀን ክፍት ናቸው፤ ዝግ የሚሆኑት ማዕበል ሲነሣ ነው።

እዚያ ስንደርስ አሸዋው አለቀ። መንገዱ ከውሃው በላይ ወጣ። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ ንፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሊነጥቃት ሲታገል በሁለት እጇ ያዘችው። በቀኝ ሰሜን ባሕር፣ በግራ የኦስተርስኸልዴ ውሃ፣ ከሥራችን በበሮቹ መካከል እየተገለበጠ የሚገባው ሞገድ። ማዶ ደርሰን መኪናውን ላቆም ስል ክንዴን ነካችኝ።

«እስቲ መልሰህ ውሰደኝ።»

ዞረን ተመለስንበት።