የቦንሳይ መግረዣ ወራት

ብዙ ሰው ቦንሳይን በተፈጥሮው ድንክ የሆነ ዛፍ አድርጎ ያስበዋል። ዘሩ ግን ጫካ ውስጥ ከሚያድገው ጋር አንድ ነው፤ መሬት ላይ ቢተከል ቁመቱን ይለቃል። ትንሽ ሆኖ የሚቆየው ሥሩ በጠባብ ሳህን ስለሚያዝና በየወቅቱ ስለሚገረዝ ነው። ሙያው ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻግሮ እዚያ የራሱን መልክ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1923 የደረሰው የካንቶ ርዕደ መሬት ቶኪዮን ሲያወድም ሰፊ ቦታና ንጹሕ ውኃ ፍለጋ የወጡ አትክልተኞች በ1925 የመሠረቱት የኦሚያ ቦንሳይ መንደር ዛሬም የሙያው ማዕከል ነው።

ዛፍ ጉልበቱን ወደ ጫፍ ይልካል። ከጫፉ የሚመነጨው ኦክሲን የተባለ ሆርሞን የታችኞቹን ቡቃያዎች አፍኖ ይይዛቸዋል፤ ጫፉ ሲቆረጥ እነሱ ይነቃሉ። ስለዚህ የገራዡ ትልቁ ሥራ ጉልበቱን ከላይ ቀንሶ ለታችኞቹ ቅርንጫፎች ማድረስ ነው። መቼ እንደሚቆረጥ ደግሞ የዛፉ ዓይነት ይወስናል፤ ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ወቅቶች የጃፓን ናቸው።

የጃፓን ሜፕል በጸደይ የመጀመሪያዎቹን ጥንድ ቅጠሎች እንደከፈተ፣ መሃላቸው ያለችው ለጋ ጫፍ በወረንጦ ትቀጠፋለች። አንድ ሳምንት ከታለፈች በአንጓዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል፤ የረዘመው ደግሞ ተመልሶ አያጥርም።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የጥቁር ፓይን አያያዝ ነው። በጸደይ እንደ ጧፍ ቀጥ ብለው የሚወጡት ቀንበጦች በሰኔ ከሥራቸው ይቆረጣሉ። ዛፉ በቀረው አጭር በጋ ሁለተኛ ቀንበጥ ያወጣል፤ መርፌ ቅጠሎቹም አጫጭር ይሆናሉ። ብልሃተኛ አትክልተኛ መጀመሪያ ደካሞቹን ይቆርጣል፣ ብርቱዎቹን ግን አሥር ቀን ያህል ያቆያቸዋል። ደካሞቹ ቀድመው ስለሚነሱ በመከር ሁሉም ይስተካከላሉ። ይህ የሚደረገው ከጸደይ ጀምሮ በደንብ ማዳበሪያ ላገኘ ጤነኛ ዛፍ ብቻ ነው። ነጭ ፓይን ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚያቆጠቁጥ ቅርንጫፉን ሊያጣ ይችላል። ለእሱ የሚበቃው በጸደይ የጧፎቹን ጫፍ ማሳጠር ነው።

በኅዳር ያረጁት የጥቁር ፓይን መርፌዎች ይነቀላሉ፤ ከላይ ብዙ፣ ከታች ጥቂት፣ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲገባ። ቅርንጫፍ የሚታጠፍበት ሽቦ ለፓይን መዳብ፣ ቅጠል ለሚያረግፉት አልሙኒየም ይሆናል፤ ቅርፊቱን መንከስ ሳይጀምር ተቆራርጦ ይነሳል። ሥር የሚገረዘውና አፈር የሚለወጠው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቡቃያው ሳይከፈት ነው።

ይህ ትዕግሥት የት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ በዋሽንግተን ብሔራዊ አርቦሬተም ያለውን የያማኪ ፓይን ይጎብኝ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ከ1625 ጀምሮ ሲገራ የኖረው ይህ ነጭ ፓይን በ1945 ከሂሮሺማ ቦምብ ተርፏል፤ በ1976ም ለአሜሪካ ተሰጥቷል።

ሜፕልና ፓይን የክረምት ብርድ ካላገኙ ይዳከማሉ፤ ሳሎን ውስጥ ቶሎ የሚሞቱትም ለዚህ ነው። ሞቃት አገር ያለ ጀማሪ ፊከስ ቢይዝ ይሻለዋል። የደቡብ አፍሪካ ቦንሳይ ወዳዶች ደግሞ የዱር ወይራ ይገራሉ፤ እኛም አገር የሚበቅለው ያው ወይራ ነው። ለእሱ የጃፓን የወራት ሰሌዳ ስለማይሠራ መቀሱ የሚነሳው አዲስ ቅጠል ማውጣቱን በዓይን እየተከታተሉ ነው።