ኮድ ሳይጽፉ አፕ መሥራት፦ ከደብተር ወደ ሎው ኮድ

አንድ የድንኳንና የወንበር አከራይ 300 ወንበር አለው እንበል። ለቅዳሜ 200 አከራይቷል። ለዚያው ቅዳሜ ሌላ ደንበኛ 150 ወንበር ቢጠይቅ መልሱ ግልጽ ነው፤ አይበቃም። ነገር ግን የመጀመሪያው ውል የተጻፈው ደብተሩ ላይ ሦስት ገጽ ወደ ኋላ ከሆነ፣ ስልኩን ያነሳውም ሱቅ የሚጠብቀው ልጅ ከሆነ፣ “አለ” ብሎ ቀብድ ሊቀበል ይችላል። ስህተቱ የሚታወቀው ዕቃው ሲጫን፣ የሠርጉ ዕለት ጠዋት ነው።

ለእንዲህ ያለ ሱቅ አፕ በባለሙያ ማሠራት አብዛኛውን ጊዜ ከአቅም በላይ ነው። ሎው ኮድ የሚባሉት መሣሪያዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። የጎግሉ አፕሺት፣ የማይክሮሶፍቱ ፓወር አፕስ፣ ዞሆ ክሪኤተርና ኤርቴብል ከታወቁት መካከል ናቸው። የቢሮ አፕ ሁሉ የሚደጋግማቸውን ሥራዎች፣ ማለትም ቅጽ ማስሞላትን፣ ዝርዝር ማሳየትን፣ መፈለግንና ማን ምን እንደሚያይ መወሰንን፣ አስቀድመው ሠርተው ያቀርባሉ። ሠሪው ይመርጣል፣ ያገጣጥማል። የሚጽፈው ነገር ቢኖር ኤክሴል ላይ እንደሚጻፈው ያለ ፎርሙላ ነው።

ሐሳቡ ስሙን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ቪዚካልክ የሒሳብ ሠንጠረዥን ወደ ግል ኮምፒውተር አምጥቶ ፕሮግራም የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ የራሱን ስሌት እንዲያዘጋጅ አስችሏል። በ1992 የመጣው ማይክሮሶፍት አክሰስ ደግሞ ቅጽና ዳታቤዝ በአንድ ላይ አቀረበ። “ሎው ኮድ” የሚለው ስያሜ የተለመደው ፎረስተር የተባለው የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከተጠቀመበት በኋላ ነው። በ2020 ጎግል አፕሺትን ገዛ።

ወደ አከራዩ እንመለስ። አፕሺት ሥራውን የሚጀምረው ከሠንጠረዥ ነው፤ የመጀመሪያውን ረድፍ እንደ ርዕስ ይወስዳል፣ የትኛው ዓምድ ቀን፣ የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ፎቶ እንደሆነም ይገምታል። ሠንጠረዡ ዝግጁ ከሆነ ስልክ ላይ የሚከፈት አፕ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ጀማሪን የሚያሳስተውም ይኸው ፍጥነት ነው። ደብተሩን እንዳለ ወደ አንድ ሠንጠረዥ የገለበጠ ሰው የደብተሩን ችግርም አብሮ ይገለብጣል።

አከራዩ የሚያስፈልጉት አራት ሠንጠረዦች ናቸው። አንዱ ዕቃውን ከነብዛቱ፣ ሁለተኛው ደንበኛውን፣ ሦስተኛው ውሉን ከመውጫና መመለሻ ቀኑ ጋር ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው አራተኛው ነው። አንድ ደንበኛ በአንድ ውል ወንበርም፣ ድንኳንም፣ ሳህንም ስለሚወስድ እያንዳንዱ ዕቃ በራሱ ረድፍ የሚሰፍርበት የውል ዝርዝር ያስፈልጋል። ያለ እሱ “200 ወንበር፣ 2 ድንኳን” የሚል ጽሑፍ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተሩም ሊደምረው አይችልም።

ሠንጠረዦቹ በትክክል ከተለያዩ የወንበሩ ጥያቄ በአንድ ፎርሙላ ይመለሳል። ቅዳሜ ስንት ወንበር ውጭ ነው? መውጫ ቀናቸው ከቅዳሜ ያልዘገየ፣ መመለሻ ቀናቸውም ከቅዳሜ ያልቀደመ ውሎችን ወንበር ደምሮ ከ300 መቀነስ ነው። ቀሪው ከተጠየቀው ካነሰ ቅጹ አልመዘግብም እንዲል ማዘዝ ይቻላል።

የእኛ አገር ሥራ የራሱ ወጥመዶች አሉት። የመጀመሪያው ቀን ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ቀን ብለው የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ጥር 18ን እንደ ተራ ጽሑፍ የመዘገበ አፕ የትኛው ቀን እንደሚቀድም አያውቅም፣ ፎርሙላውም ይሰናከላል። መፍትሔው ስሌቱን በፈረንጁ ቀን መሥራትና የኢትዮጵያውን ቀን ለደንበኛው በሚታይ ሌላ ዓምድ ማስፈር ነው። ሁለተኛው ስም ነው። አንዱ ሠራተኛ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሀይ ብለው ቢጽፉ መሣሪያው ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ደንበኛን በስም ሳይሆን በስልክ ቁጥር መፈለግ፣ የረድፉን መለያም መሣሪያው ራሱ በሚሰጠው ቁጥር ማድረግ ይበጃል።

ሦስተኛው ኔትወርክ ነው። አፕሺት መስመር ሲቋረጥ የተሞላውን ስልኩ ላይ አቆይቶ፣ ሲመለስ ይልከዋል። ይህ ለመጋዘን ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም መስመር ያጡ ሁለት ሠራተኞች ያንኑ ወንበር ለሁለት ሰው ቢያከራዩ አንዱ ስልክ የሌላውን አያውቅም። ስለዚህ ያለ መስመር የተሞላው ሁሉ “ጥያቄ” እየተባለ ቢመዘገብና የሚጸድቀው መስመር ሲመለስ ቢሆን ይሻላል። ይህን ደንብ ከመሣሪያው ይልቅ ንግዱን የሚያውቀው ሰው ነው የሚያወጣው።

መሣሪያዎቹ ለትንሽ ሱቅ ብቻ አይደሉም። የኢትዮጵያ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በወረቀት ይሠሩበት የነበረውን የቤተሰብ ማኅደር ወደ ስልክና ታብሌት ያመጣው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የተገነባው ኮምኬር በተባለ መድረክ ላይ ነው። ኮምኬር ዲማጂ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሥራ ሲሆን፣ ቅጾቹ ያለ ኮድ የሚገጣጠሙ ናቸው፤ ያለ መስመርም ይሠራል።

ቅለቱ አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 አፕጋርድ የተባለ የደኅንነት ድርጅት በፓወር አፕስ የተሠሩ ድረ ገጾች 38 ሚሊዮን መዝገቦችን ለማንም ክፍት አድርገው እንደነበር ይፋ አደረገ። ሰርጎ የገባ ሌባ አላስፈለገም፤ ሠሪዎቹ የማየት ፈቃድን የሚገድበውን ቅንብር አላበሩትም ነበር። ማይክሮሶፍት ከዚያ በኋላ ቅንብሩ ከመነሻው እንዲበራ አደረገ። አከራዩም የደንበኛን መታወቂያ ፎቶ አንስቶ የሚያስቀምጥ ከሆነ ጉዳዩ ይመለከተዋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና። ጫኚው የሚያየው አድራሻውንና የዕቃውን ዝርዝር ብቻ፣ መታወቂያውን የሚያየው ደግሞ ባለቤቱ ብቻ እንዲሆን አድርጎ መጀመር ይገባል።

ሌላው አደጋ ጥገኝነት ነው። ጎግል አፕ ሜከር የተባለ የራሱን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ዘግቶታል። በእሱ የተሠሩት አፖች ወደ ሌላ መሣሪያ በቀጥታ የሚሻገሩ አልነበሩም፤ እንደገና መሠራት ነበረባቸው። የእነዚህ መሣሪያዎች ክፍያም ብዙውን ጊዜ በተጠቃሚ ቁጥር፣ በየወሩ፣ በውጭ ምንዛሬ መሆኑ ሠራተኛ በጨመረ ቁጥር ይሰማል።

እንግዲህ ለየትኛው ሥራ ይሁን? ጥቂት ሰዎች በየቀኑ የሚሞሉት፣ ደንቡ በአንድ ገጽ ተጽፎ የሚያልቅ መዝገብ ለሎው ኮድ ይመቻል፤ የኪራይ ውል፣ የመጋዘን ቆጠራ፣ የጥገና ትእዛዝ፣ የዕቁብ መዋጮ። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ወይም በሺህ የሚቆጠር ደንበኛ ራሱ የሚገባበት ሥርዓት ግን ለባለሙያ ይተው። ለጀማሪ የሚበጀው አንድ ደብተር ብቻ መርጦ፣ አፑንና ደብተሩን ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን ማስኬድና የሚለያዩበትን ቦታ መመርመር ነው። ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ሙከራ ያድርግ፦ መረጃውን ሁሉ በተራ ሠንጠረዥ አውጥቶ ወደ ራሱ ኮምፒውተር ያውርድ። ይህን የማይፈቅድ መሣሪያ ምንም ያህል ቢያምር የንግድ መዝገብ አይሰጠውም።