ቤግል ለምን ይቀቀላል?

ቤግል በፖላንድ አይሁዳውያን ዘንድ ታውቆ በስደተኞች አማካይነት ኒውዮርክ የገባ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የስንዴ ዳቦ ነው። ከሌላው ዳቦ በእጅጉ የሚለየው ግን ቀዳዳው ሳይሆን ከመጋገሩ በፊት በፈላ ውሃ መቀቀሉ ነው።

የስንዴ ስታርች በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ውሃ መጥጦ ያብጥና እንደ ሙጫ ይሆናል። ሊጡ ለአንድ ደቂቃ ሲቀቀል ይህ ለውጥ በገጹ ላይ ብቻ ይፈጸማል። የሚፈጠረው ስስ ሽፋን በምድጃው ውስጥ ጋዙ ሊጡን እንዳሻው እንዳይነፋው ይገታዋል፤ የቤግል ውስጡ እምቅ፣ ላዩም አንጸባራቂ የሚሆነው ስለዚህ ነው። መቀቀሉን የዘለለ ሰው ቀለበት የመሰለ ተራ ዳቦ ያገኛል።

አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለንም ለዚህ ነው። ለቤግል ግን 92 ከ60 እጅግ ይበልጣልና አያሳስብም። የሚያሳስበው ኩፍታው ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ጋዙ ይበልጥ ይስፋፋል፣ ሊጡም ይፈጥናል። ከመጠን በላይ የኮፈ ሊጥ ሲቀቀል ይሟሽሻል። ስለሆነም ሰዓት ከመቁጠር አርኪሜደስን ማማከር ይሻላል፦ አንዱን ቀለበት ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ማኖር። ከሰመጠ ገና ነው፤ ከተንሳፈፈ ጥግግቱ ከውሃ አንሷልና ደርሷል።

ለ8 ቤግል 500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 280 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ጨውና 5 ግራም ደረቅ እርሾ ይበቃል። ሊጡ ጠንከር ማለት ስላለበት ውሃ መጨመር አይገባም። በመቀቀያው ውሃ ላይ፣ እንደ ሞንትሪያል ጋጋሪዎች ልማድ፣ ጥቂት ማር ቢጨመር ቀለሙ ያምራል። ከዚያም በ220 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል።